ቁም ሳጥንሽን ከማራገፍሽ በፊት

ጥያቄው፦ «31 ዓመቴ ነው። የምኖረው አራት ኪሎ ነው፣ ካዛንቺስ ቢሮ እሠራለሁ። ባለ ሁለት በር ቁም ሳጥኔ ከመሙላቱ የተነሳ አይዘጋም፣ ግን ጠዋት ጠዋት የምለብሰው አጣለሁ። ከወለድኩ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ ግማሹ ልብስ አይሆነኝም። ቴሌግራም ላይ ያየሁትን እገዛለሁ፣ ሁለቴ ለብሼ እተወዋለሁ። አሁን ቲክቶክ ላይ እንዳየሁት ሁሉንም ለሰው ሰጥቼ በጥቁር፣ በነጭና በቢዥ 33 ልብስ ብቻ ይዤ ልጀምር አስቤያለሁ። እናቴ ደግሞ ‹አንድ ልብስ ደጋግመሽ ከለበስሽ ሰው ምን ይላል› ትለኛለች። እኔ የራሴ የምለው ስታይል እንዲኖረኝ ነው የምፈልገው። የሐበሻ ቀሚሶቼም ክረምት በመጣ ቁጥር ይሸታሉ፣ ይወይባሉ። ምን ይመክሩኛል?»

ምላሽ፦

አትስጪ። ቢያንስ አሁን አትስጪ። ሁሉን አራግፎ ከዜሮ መጀመር ደስ ይላል፣ ግን ዓመት ሳይሞላው ያው ቁም ሳጥን ተመልሶ ይሞላል። ልብሱ ሄደ እንጂ ልብሱን ያስገዛሽ ነገር አልሄደም። 33 የምትባለዋን ቁጥርም በደንብ እንያት። በ2010 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተጀመረ ፈተና ነው፤ ሦስት ወር በ33 ነገር ብቻ መልበስ። ጫማው፣ ጌጡ፣ ሻርፑ ሁሉ ይቆጠራል። የቀረው ልብስ ደግሞ ታሽጎ ይቀመጣል እንጂ ወዲያው አይጣልም። ከዚያም በፊት፣ በ1970ዎቹ፣ ለንደን ውስጥ የልብስ ሱቅ የነበራት ሱዚ ፎ «ካፕሱል» ብላ ያስተዋወቀችው ሐሳብ ነበር፤ ጥቂት፣ ጥሩ፣ እርስ በርስ የሚስማማ ልብስ ይኑርሽ የሚል። ፍሬው መስማማቱ ነው። ጥቁርና ቢዥ መሆኑ አይደለም።

«የምለብሰው የለኝም» የሚባለው ነገር አንድ ችግር ይመስላል፣ ግን አራት ነው። አንዳንዱ ልብስ ልክሽ አይደለም። አንዳንዱ ልክሽ ነው፣ ግን ከሌላው ጋር አይሄድም፤ ብቻውን አምሮሽ የገዛሽው ነው። አንዳንዱ ቆንጆ ነው፣ ግን አንቺ ለምትውዪው ውሎ አይሆንም፤ የታክሲ ሰልፍ፣ ዝናብ፣ ቢሮ፣ ማታ ደግሞ ልጅ ማቀፍ አለብሽ። አንዳንዱ ደግሞ ዚፑ ተበላሽቶ ወይ ቁልፉ ወድቆ ዓመት ሙሉ ተሰቅሎ የቀረ ነው። አራቱን አንድ ላይ ቀላቅለሽ «ልብስ የለኝም» ስትዪ መፍትሔው መግዛት ይመስልሻል። መግዛት በደንብ የሚፈታው ሁለተኛውን ነው፣ እሱንም ምን እንደጎደለሽ ካወቅሽ። እኔ ጋ ከሚመጡት ሴቶች ባየሁት፣ የሚጎድለው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ያው ነው፤ ሱሪና ጉርድ፣ ከላይ የሚደረብ ነገር፣ የሚያስኬድ ጫማ። የሚተርፈው ቦዲና ሸሚዝ ነው፣ ለአንድ ሠርግ ብቻ የተሰፋ ቀሚስም አለ። ስልክ ላይ የሚያምረው ከወገብ በላይ ያለው ነዋ!

የአዲስ አበባን ውሎ ረስተሽ ስታይል ማውጣት አትችዪም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ ቀኑ ከ20 በላይ ይወጣል። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ስትወጪ ብርድ ነው፣ ምሳ ሰዓት ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ማታ ታክሲ ስትጠብቂ ብርዱ ይመለሳል። ስለዚህ እዚህ ከተማ ሰው የሚያይብሽ ልብስ የውስጡ ቦዲ አይደለም፣ ከላይ የደረብሽው ነው። ጃኬቱ፣ ሹራቡ፣ ኮቱ፣ ነጠላው። ብዙ ሰው ግን ገንዘቡን የሚያወጣው ተገላቢጦሽ ነው፤ አሥር ሸሚዝ ይገዛና ሁሉም ላይ ያንኑ አንድ የደከመ ጃኬት ይደርባል፣ ከዚያ «ምንም ብለብስ አንድ ዓይነት ነው» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። እውነቱን ነው፣ የሚታየው አንድ ዓይነት ነው። እስቲ አስቢው፦ 3 የሚደረብ፣ 4 ከታች የሚለበስ፣ 6 ከላይ የሚለበስ ቢኖርሽና ሁሉም እርስ በርስ ቢስማሙ 72 አለባበስ ይወጣዋል። 13 ልብስ ብቻ ነው። አሁን ካለሽ ውስጥ ይህን ያህል የሚስማማ ሳይኖር አይቀርም፤ ተሸፍኖብሽ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ስታይል የሚገኘው ከምትመኚው ልብስ አይደለም፣ ደጋግመሽ ከምትለብሺው ነው። ስትቸኩዪ እጅሽ ወደ የትኛው ይሄዳል? ይህን ለማወቅ ለአንድ ወር በየጠዋቱ ከቤት ከመውጣትሽ በፊት መስታወት ፊት ቆመሽ አንድ ፎቶ አንሺ። የትም አትለጥፊው። ጎን ለጎን ደግሞ የመስቀያዎቹን መንጠቆ በሙሉ በተቃራኒ አቅጣጫ አዙሪና ስቀዪያቸው፤ የለበስሽውን ስትመልሺ ብቻ በትክክለኛው በኩል ስቀዪ። የትኛው እንደተነካና የትኛው እንዳልተነካ ያለ ክርክር ይታይሻል።

ፎቶዎቹን ስታዪ ግን «የቱ ያምራል» ብለሽ አትጠይቂ። «የትኛው ቀን ልብሴን ረስቼ ዋልኩ» ብለሽ ጠይቂ። ስትጎትቺ፣ ስታስተካክዪ፣ ሆድሽን ስትስቢ ያልዋልሽበት ቀን ማለቴ ነው። በእነዚያ ቀናት የሚደጋገመው ምንድን ነው? ከፍ ብሎ ወገብ ላይ የሚይዝ ሱሪ ነው? ክፍት አንገት ነው? እስከ ክርን የተጠቀለለ እጅጌ? ደማቅ ቀለም? ሦስት አራት ነገር ደጋግሞ ይመጣል፣ ስታይልሽ እሱ ነው፣ ስም ባይኖረውም። «ክላሲክ»፣ «ቦሆ»፣ «ሚኒማል» የሚሉትን ስሞች ተያቸው። ስሙን አስቀድመሽ ከመረጥሽ ስሙን የሚመስል ልብስ ልትገዢ ትሄጃለሽ፣ ያኔ እንደገና ከሌላ ሰው ልብስ ጋር ትኖሪያለሽ።

እናትሽ የተናገሩት ከፍቅር ነው፤ ልጄ የተቸገረች እንዳትመስል ብለው ነው። ግን በዚህ ላይ አልስማማም። ንጹሕ ከሆነና ልክሽ ከሆነ መደጋገም ነውር የለውም፣ እንዲያውም ያለ መደጋገም ስታይል የሚባል ነገር የለም። ሰው የሚያስታውስሽ በደጋገምሽው ነገር ነው። በነጠላ አጣጣላቸው ብቻ ከሩቅ የሚለዩ እናቶች በየሰፈሩ አሉ፣ ማንም «ደገሙት» አይላቸውም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የተባለውም ያለሽን ጥሩ ልብስ አውጥተሽ ልበሺ ማለት ነው፤ ለየጥምቀቱ አዲስ ግዢ አይልም።

ቀለም ላይ ሁለት የተሳሳተ እምነት አለ። አንዱ ጥቁር፣ ነጭና ቢዥ ለሁሉም ሰው ይሆናል የሚለው ነው። ቢዥ ከቆዳሽ ቀለም ብዙ ካልራቀ ፊትሽን ያደበዝዘዋል። ጥቁር ጥጥ ደግሞ የእኛ ፀሐይ ቶሎ ያገረጣዋል፤ በየ1,000 ሜትር ከፍታ አልትራቫዮሌት ጨረር ወደ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ እና ጥቁሩን ሱሪ ገመድ ላይ ፊቱን ለፀሐይ ሰጥተሽ ስታሰጪ ምን እንደሚሆን ራስሽ አይተሻል። ገልብጠሽ ጥላ ውስጥ አስጪ። ሁለተኛው «አንቺ ክረምት ነሽ፣ አንቺ ጸደይ ነሽ» የሚለው ትንታኔ ነው። በ1980ዎቹ በምዕራቡ ዓለም ሲስፋፋ ጥቁር ቆዳ ያላቸውን አብዛኞቹን ሰብስቦ «ክረምት» የሚል አንድ ምድብ ውስጥ ነው የከተታቸው። የጠይምን፣ የቀይ ዳማንና የጥቁርን ልዩነት ለምናውቅ ለእኛ ይህ ብዙ አይጠቅምም። ገንዘብ አትክፈዪበት።

ይልቅ ጠዋት መስኮት አጠገብ፣ ሜካፕ ሳትቀቢ፣ ያሉሽን ልብሶች ተራ በተራ አገጭሽ ሥር ያዢ። ልብሱን አትዪው፣ ፊትሽን እዪ። ከዓይንሽ ሥር ያለው ጥቁረት ከጎላ ቀለሙ ለፊትሽ ቅርብ አይሁን፣ ለሱሪ ወይም ለጉርድ ይሁን። ከዚያ አንድ ጠቆር ያለ መሠረት ምረጪ፤ ኔቪ ብሉ፣ ጥቁር ቡኒ ወይም ጥቁር አረንጓዴ። ሱሪውም፣ ጉርዱም፣ የሚደረበውም በዚያ ዙሪያ ይሁን። ከላይ የምትለብሺው እንደልቡ ይደምቃል። መርካቶም ሆነ ፒያሳ ስትገዢ ጨርቁን ወደ በሩ ይዘሽ ውጪ፣ በሱቅ መብራት የተስማማ ቀለም ፀሐይ ላይ ሊጣላ ይችላል።

ከወሊድ በኋላ ስለማይሆኑሽ ልብሶች ደግሞ፦ ሰውነትሽ ምንም አላጠፋም። ልብሱ ነው መለወጥ ያለበት። እዚህ ላይ ልብስ ሰፊ ምን እንደሚችል ብታውቂ ብዙ ገንዘብ ይተርፍሻል። ማሳጠር፣ ማጥበብ፣ ዚፕና ገበር መቀየር ቀላል ሥራ ነው። ማስፋት ግን የሚቻለው ስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ ካለ ብቻ ነው። ልብሱን ገልብጠሽ እዪ። ሰፊ ጋ የተሰፋ ቀሚስ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሳንቲም ትርፍ ይተውለታል፣ የፋብሪካው ብዙ ጊዜ 1 ሳንቲም ብቻ ነው ያለው። በግራና በቀኝ ስፌት፣ ከፊትም ከኋላም 1 ሳንቲም ተኩል ቢለቀቅ ወገቡ 6 ሳንቲም ይሰፋል፤ ይህ አንድን ቀሚስ የሚያድን ልዩነት ነው። ጥንቃቄ፦ ቬልቬት፣ ሐር ወይም የገረጣ ጨርቅ ከሆነ የድሮው ስፌት መስመር ይታያል። የኮት ትከሻ ሲሰፋሽ ወይም ሲጠብሽ ደግሞ አትድከሚ፣ ኮቱን እንደ አዲስ መስፋት ማለት ነው። ሱሪም ከእግር መገናኛው እስከ ወገቡ ካጠረ አይስተካከልም። ወደፊት ስትገዢም ይህንኑ ያዢ፦ ከላይ የሚለበሰውን በትከሻ፣ ከታች የሚለበሰውን በዳሌ ለኪ። ወገቡ ሰፋ ቢል ሰፊ ይይዘዋል።

ኪሎሽ ገና የሚወጣ የሚወርድ ከሆነ አሁን ኮት አታሰፊ። የማይሆኑሽንና የማይስተካከሉትን አንድ ካርቶን ውስጥ አድርጊ፣ ላዩ ላይ ቀኑን ጻፊና አልጋ ሥር አስገቢው። ዓመት ሙሉ ካልከፈትሽው ያኔ ስጪ። በየጠዋቱ ዓይንሽ ሥር ተሰቅለው ሊወቅሱሽ አይገባም።

ከቴሌግራም መግዛት በራሱ ጥፋት የለውም። ጥፋቱ «ሚዲየም ነኝ» ብሎ ማዘዝ ነው፤ የአንዱ ሚዲየም የሌላው ላርጅ ነው። በጣም የሚስማማሽን ሸሚዝና ሱሪ አልጋ ላይ ዘርግተሽ የትከሻውን፣ የደረቱን፣ የዳሌውንና የቁመቱን ልክ በሳንቲም ጽፈሽ ስልክሽ ላይ አስቀምጪ። ሻጩ ሳንቲሙን ካልነገረሽ አትግዢ። ጨርቁንም ጠይቂ። ፖሊስተር ላብ አይመጥም፣ ሽታ ይይዛል፣ ፊቱም ላይ ትንንሽ ኳስ ማውጣት ይወዳል፤ ለጃኬትና ለገበር ምንም አይልም፣ ለሙሉ ቀን ሸሚዝ ግን አልመክርም። እጅሽ የገባ ልብስ ጥጥ ነው ተብለሽ ከተጠራጠርሽ ከውስጥ ስፌቱ አንድ ክር ምዘዢና በመቆንጠጫ ይዘሽ ውኃ አጠገብ፣ ልጅሽ በሌለችበት አቃጥዪው። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድና ብን የሚል አመድ ይሆናል። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ፖሊስተር ይቀልጥና ጠንካራ ጠብታ ይሆናል፣ እሱን በጣትሽ እንዳትነኪው። ሳልባጅ ከሆነ ብብቱን፣ የእግር መገናኛውንና ላስቲኩን ሳታዪ አትክፈዪ።

ዋጋን ስታስቢም በአንድ መልበስ ስንት እንደሚደርስ አስቢ። 6,000 ብር የወጣበት ጃኬት በሳምንት ሁለቴ ለሁለት ዓመት ቢለበስ በአንዴ 30 ብር አይሞላም። ሁለት ጊዜ የተለበሰ የ1,500 ብር ቀሚስ በአንዴ 750 ብር ነው። ርካሽ እየገዛሽ የከሰርሽው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ቁም ሳጥኑ እንግባ። «የሥራ»፣ «የሰንበት»፣ «የሠርግ» ብለሽ አትከፋፍዪ። እንዲህ ስትከፋፍዪ የሠርጉ ጉርድ ከሥራ ሹራብ ጋር እንደሚሄድ መቼም አይታይሽም። በዓይነት ደርድሪ፤ ሱሪ ከሱሪ፣ ጉርድ ከጉርድ፣ ሸሚዝ ከሸሚዝ፣ የሚደረበው ሁሉ ፊት ለፊት። ሸሚዝ፣ ኮትና ሱሪ ይሰቀል። ሹራብና የሚለጠጥ ቦዲ ይታጠፍ፣ ከተሰቀለ ትከሻው ላይ ጉብታ ያወጣል። ቁም ሳጥኑ ከውጭ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ከሆነ ትንሽ ወደ ፊት ሳቢው፣ አየር ይዙር፤ ክረምት ላይ ሻጋታው የሚጀምረው ከዚያ ነው። ለማስተካከያ ተብሎ የሚሸጠውን ሳጥንና ዘንቢል ግን መጨረሻ ላይ ግዢ። ቀድመሽ ከገዛሽ የማትለብሺውን ነው በሥርዓት የምታስቀምጪው።

የሐበሻ ልብስሽ የሚሸተውና የሚወይበው በሁለት ምክንያት ነው። ላብና ቅባት፣ ያልለቀቀ ሳሙናም ጭምር፣ ሳይታይ ጨርቁ ውስጥ ይቀራል፣ ጊዜ ሲያገኝ ቢጫ ይሆናል። ጥጥ ደግሞ እርጥበት ይስባል፣ በሐምሌና በነሐሴ ላውንደሪ የሰጠሽ ፕላስቲክ ውስጥ ከተውሽው ይሻግታል። ፕላስቲኩን ቤት እንደገባሽ አውጪው። አንዴ ለብሼዋለሁ ንጹሕ ነው ብለሽ አታስቀምጪ። ከመታጠቡ በፊት ጥበቡን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫን አድርጊው፣ ቀለም ከለቀቀ በቤት አትሞክሪው። በረኪና በፍጹም፤ ጥጡን ያሳሳዋል፣ የሚያብለጨልጨውን ክር ያጠቁረዋል። ፈትል ቀሚስ አይሰቀልም፣ በክብደቱ ይለጠጣል። በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቅልለሽ አስቀምጪው፣ በየጥቂት ወሩም እጥፋቱን ቀይሪ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ከታጠፈ እዚያው ይሰበራል።

ብልን በተመለከተ አንድ ነገር ላርም። ብል የሚበላው ሱፍና ሐር ነው እንጂ ንጹሕ ጥጥ አይደለም። ስለዚህ ናፍታሊን ነጠላና ቀሚስ መሐል መበተን ትርፉ ሽታ ነው። ናፍታሊን መርዝ ነው፣ ትነቱም ለሕፃን አደገኛ ነው፤ ልጅ ከረሜላ መስሎት ሊውጠውም ይችላል። ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ ያለችበት ቤት ውስጥ አይግባ፣ ካለም ዛሬውኑ አውጪው። የሱፍ ሹራብሽን ከብል ለማዳን ማጠብ፣ በደንብ ማድረቅ፣ በሚዘጋ ከረጢት ማስቀመጥ ይበቃል። ብል የገባበት ከሆነ ከረጢቱን አሽገሽ ሁለት ሳምንት ፍሪዘር ውስጥ አቆዪው።

ቁርጥ ያለ ምክሬ ይኸውልሽ። እስከ ጥቅምት መጨረሻ አንድም ልብስ አትግዢ፣ የእንቁጣጣሽ ባዛርም ቢሆን። አሁን በክረምት ፎቶውንና መስቀያውን ጀምሪ። ግን በክረምት ውሳኔ አትስጪ፤ ዝናብና ብርድ ላይ የተመረጠ ልብስ ለበጋው አይሆንም፣ አንድ የፀሐይ ወር ማየት አለብሽ። ከመስቀል በኋላ ፀሐይ ሲወጣ ሁሉንም አውጥተሽ አናፍሺ፣ አራቱን ምክንያት እየጠራሽ ለዪ፣ የሚስተካከለውን ይዘሽ ልብስ ሰፊ ጋ ሂጂ። ሁሉንም ባንዴ አትስጪው። አንድ ሱሪ አስተካክዪ፣ እጁን እዪ፣ ከዚያ ሌላውን። የምታምኚው ሰፊ ማግኘት ከየትኛውም ሱቅ ይበልጥብሻል። ከአሮጌ ቀሚስሽ ጥበቡን አውጥቶ ጃኬት ላይ ማድረግ ካማረሽም ያኔ ነው፤ ሽመናው ሲቆረጥ እንዳይተረተር ከውስጥ በካውያ የሚጣበቅ ማጠንከሪያ አስደርጊበት፣ ጥበቡም ከመሰፋቱ በፊት ይታጠብ፣ በኋላ ከተሰበሰበ ጃኬቱን ይጎትተዋል።

እኔ ፎቶ አይቼ ስታይልሽን ልነግርሽ አልችልም፣ ሌላም ባለሙያ አይችልም። ቢሮሽ የአለባበስ ደንብ ካለውም ከእኔ ይልቅ እሱ ይቀድማል።

ኅዳር ላይ ሦስት ነገር ብቻ ግዢ፦ በመረጥሽው መሠረት ቀለም በትከሻሽ ልክ የሆነ አንድ የሚደረብ፣ ከእሱ ጋር የሚሄድ አንድ ሱሪ፣ አንድ ጥሩ ጫማ። ብሩ ለሦስቱ ካልበቃ ሱሪው ይቆይ፣ ጫማው አይቆይም። ፒያሳና አራት ኪሎ የእግረኛው መንገድ ከሰፋ ወዲህ ሰው በእግሩ መሄድ ጀምሯል፣ አንቺም መሄድሽ አይቀርም። ጫማውን ከሰዓት በኋላ ለኪው፣ እግር ሲውል ያብጣል። ሁለቱንም እግር አድርገሽ ሱቁ ውስጥ ተራመጂ፣ «ሲለበስ ይሰፋል» ካሉሽ አትግዢው።